የባርኮድ ንባብና የማሽን ዕይታ ገበያ በኢትዮጵያ

የባርኮድ ንባብ በዕቃ ላይ የታተመን ምልክት በብርሃን አማካይነት አንብቦ ወደ ቁጥር ወይም ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ቴክኖሎጂ ነው። የማሽን ዕይታ ደግሞ ካሜራ፣ መብራትና ኮምፒውተር ተጣምረው የአንድን ዕቃ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ልክ ወይም እንከን የሚለዩበት የኢንዱስትሪ ዘዴ ነው። ሁለቱ ለየብቻ የተጀመሩ ቢሆኑም፣ ዛሬ አብዛኛው የፋብሪካ ባርኮድ አንባቢ ራሱ ካሜራ ስለሆነ ገበያቸው እየተቀላቀለ መጥቷል።

በበለጸጉ አገሮች የእነዚህ መሣሪያዎች ገበያ ያደገው በሱፐርማርኬትና በመኪና ፋብሪካ ነው። በኢትዮጵያ ግን ፍላጎቱ በዋናነት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፦ ከቡናና ከቅባት እህል የውጭ ንግድ፣ ከመድኃኒት ቁጥጥር፣ ከሞባይል ክፍያና ከዲጂታል መታወቂያ። ከዚህም የተነሳ በአገሪቱ ገጠር ገበያዎች ላይ አንድ አለመመጣጠን ይታያል። ከከተማ ወደ ገጠር የሚገባው የታሸገ ዕቃ መለያ ኮድ ሲኖረው፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚወጣው የገበሬው ምርት ብዙውን ጊዜ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የዓለም ታሪክን የሚመለከቱ ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ ክንውኖች ደግሞ በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) ተቀምጠዋል።

አሠራር

ባለመስመር ባርኮድ

ባለመስመር ባርኮድ ስፋታቸው የሚለያይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ስብስብ ነው። አንባቢው መሣሪያ ብርሃን ሲልክ ጥቁሩ መስመር ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ነጩ ይመልሰዋል። መሣሪያው የተመለሰውን ብርሃን መጠን ለክቶ የመስመሮቹን ስፋት ያሰላል፤ ከስፋቱም ቁጥሩን ያገኛል። በሱቅ ዕቃዎች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 13 አሃዝ አለው። የመጨረሻው አሃዝ የምርቱ ቁጥር አካል ሳይሆን የቀሩት 12 አሃዞች በትክክል መነበባቸውን ማረጋገጫ ነው።

የማረጋገጫው ስሌት ቀላል ነው። ለኢትዮጵያ ከተሰጡት የመጽሐፍ መለያ ምድቦች አንዱ 99944 ስለሆነ፣ በዚህ ምድብ የታተመ መጽሐፍ ባርኮድ በ978 99944 ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል ብቻ 978999440000 የሚለውን 12 አሃዝ ብንወስድ፦

- በጎዶሎ ቦታ (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ ...) ያሉት አሃዞች ድምር፦ 9+8+9+4+0+0 = 30
- በሙሉ ቦታ (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ ...) ያሉት አሃዞች ድምር፦ 7+9+9+4+0+0 = 29፤ ይህ በ3 ሲባዛ 87
- ጠቅላላ ድምር፦ 30+87 = 117
- ድምሩን ወደሚቀጥለው የአሥር ብዜት (120) ለማድረስ የሚጎድለው 3 ነው

ስለዚህ 13ኛው አሃዝ 3 ይሆናል። አንባቢው አንዱን አሃዝ አሳስቶ ቢያነብ ስሌቱ አይገጥምም፤ መሣሪያውም ቁጥሩን አይቀበልም።

በሕዝብ ዘንድ የተለመደ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። የባርኮድ የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች ዕቃው የተመረተበትን አገር አያሳዩም። የሚያሳዩት ቁጥሩን የሰጠው የየትኛው አገር የጂ ኤስ 1 ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ብቻ ነው። ጂ ኤስ 1 የዓለም የባርኮድ ቁጥሮችን የሚያስተዳድር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አንድ የኢትዮጵያ ኩባንያ ከሌላ አገር ጽሕፈት ቤት ቁጥር ከወሰደ፣ ምርቱ አዲስ አበባ ተመርቶ የሌላ አገር መነሻ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

ኪውአር ኮድና ዳታ ማትሪክስ

ባለመስመር ባርኮድ መረጃ የሚይዘው ወደ ጎን ብቻ ነው። ኪውአር ኮድና ዳታ ማትሪክስ ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም በተደረደሩ ትናንሽ ካሬዎች መረጃ ስለሚይዙ በትንሽ ቦታ ብዙ መረጃ ያስገባሉ። ትልቁ የኪውአር ኮድ በጎንና በቁመት 177 ካሬዎች አሉት፤ እስከ 7,089 የቁጥር አሃዞች ወይም 2,953 ባይት መያዝ ይችላል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚፈልግ፣ በአንድ ኪውአር ኮድ ውስጥ ሊገባ የሚችለው የአማርኛ ጽሑፍ ቢበዛ 984 ሆሄ ያህል ነው።

ኪውአር ኮድ የስህተት ማረሚያም አለው። እንደተመረጠው ደረጃ ከኮዱ 7፣ 15፣ 25 ወይም 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ሊነበብ ይችላል። አቧራ፣ እርጥበትና መተሻሸት በሚበዛበት ጆንያ ላይ ለሚለጠፍ መለያ ይህ ባሕርይ ትልቅ ጥቅም አለው።

የማሽን ዕይታ

የማሽን ዕይታ ሥርዓት አምስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ ዕቃውን በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚያበራ መብራት፣ ሌንስ፣ ምስል የሚቀበል ሴንሰር፣ ምስሉን የሚመረምር ሶፍትዌር፣ እና ውሳኔውን የሚፈጽም መሣሪያ። ከአምስቱ ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው መብራቱ ነው። የሰው ዓይን ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲሄድ ራሱን ያስተካክላል። ማሽኑ ግን ብርሃኑ ከተለወጠ ያንኑ ፍሬ ሌላ ቀለም አድርጎ ያየዋል።

ታሪክ

የባርኮድን ሐሳብ ያፈለቁት ኖርማን ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የፈጠራ መብት ጥያቄያቸውን በ1949 አቅርበው በጥቅምት 1952 አገኙ። ሐሳቡ ግን ብርቱና ርካሽ የብርሃን ምንጭ እንዲሁም ኮምፒውተር እስኪገኝ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይሠራበት ቆየ። በሚያዝያ 1973 የአሜሪካ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴዎች በአይ ቢ ኤም ባልደረባ ጆርጅ ሎረር የተነደፈውን ምልክት መረጡ። ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ክፍለ አገር፣ ትሮይ ከተማ በሚገኝ ማርሽ ሱፐርማርኬት የመጀመሪያው ሸቀጥ፣ አንድ እሽግ ማስቲካ፣ በባርኮድ ተነብቦ ተሸጠ።

ኪውአር ኮድን በ1994 ያስተዋወቀው የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ሲሆን፣ ማሳሂሮ ሃራ የሚመራው ቡድን የሠራው ለመኪና መለዋወጫዎች ክትትል ነበር። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ማንም እንዲጠቀምበት መፍቀዱ ለኮዱ መስፋፋት ዋና ምክንያት ሆኗል።

በማሽን ዕይታ በኩል በ1981 በአሜሪካ የተቋቋመው ኮግኔክስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የጃፓኑ ኪየንስ (1974) እና የጣሊያኑ ዳታሎጂክ (1972) ከተቋቋሙበት ጊዜ አንሥቶ የፋብሪካ ሴንሰርና አንባቢ በማምረት ይታወቃሉ። እህልን በቀለም የሚለዩ ማሽኖች ከዚህም ይቀድማሉ። በዚህ ዘርፍ በእንግሊዝ የተመሠረተውና ዛሬ በስዊዘርላንዱ ቡለር ሥር ያለው ሶርቴክስ፣ የጃፓኑ ሳታኬ፣ እንዲሁም በቻይና ኸፌይ ከተማ የተሰባሰቡ አምራቾች ስማቸው የታወቀ ነው።

የዓለም ገበያ አዝማሚያ

ከሌዘር ወደ ካሜራ፦ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች መስመሮቹን በሌዘር ጨረር ይጠርጉ ነበር። ሌዘር ባለመስመር ባርኮድን በፍጥነት ቢያነብም ኪውአር ኮድንና ዳታ ማትሪክስን ማንበብ አይችልም። የካሜራ ሴንሰር ዋጋ እየረከሰ ሲመጣ የፋብሪካና የመጋዘን አንባቢዎች ወደ ካሜራ ተሸጋገሩ። ካሜራው ኮዱን ከማንበብ አልፎ መለያው መቀደዱን፣ ቀኑ መታተሙንና ካርቶኑ መጎዳቱን በአንድ ጊዜ ሊመለከት ይችላል።

ከመስመር ወደ ካሬ፦ ጂ ኤስ 1 የችርቻሮ መደብሮች እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ ከባለመስመር ባርኮድ በተጨማሪ ካሬ ኮዶችን ማንበብ እንዲችሉ የሚያበረታታ ዕቅድ አለው። ጥቅሙ ከዕቃው ዓይነት በላይ የምርት ቡድኑንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ጭምር መያዙ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ምግብ የሒሳብ መመዝገቢያው ራሱ ሊያስቀር ይችላል።

የኩባንያዎች መጠቃለል፦ ትንንሽ አምራቾች በትልልቆቹ ተገዝተዋል። ሃኒዌል በ2008 ሜትሮሎጂክን ገዛ። ዜብራ በ2014 የሞቶሮላ ሶሉሽንስን የድርጅት መሣሪያዎች ዘርፍ በ3.45 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2022 ደግሞ የካናዳውን ማትሮክስ ኢሜጂንግ በ875 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። በሁለተኛው ግዢ አንድ የባርኮድ ኩባንያ ወደ ማሽን ዕይታ ገበያ ዘልቆ ገብቷል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ ቀድሞ መሐንዲስ «እንከን ማለት ይህ ነው» ብሎ በደንብ መጻፍ ነበረበት። አሁን ሶፍትዌሩ ከብዙ የምስል ምሳሌዎች ይማራል። ኮግኔክስ ለዚሁ በ2017 የስዊዘርላንዱን ቪዲ፣ በ2019 ደግሞ የደቡብ ኮሪያውን ሱዋላብ ገዝቷል።

መዋዠቅ፦ ገበያው በረጅም ጊዜ ቢያድግም ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። በኮቪድ-19 ወቅት የኢንተርኔት ግብይት የመጋዘን መሣሪያ ፍላጎትን አንሮት ነበር፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። የኮግኔክስ ዓመታዊ ሽያጭ በ2021 ከ1.03 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ በ2023 ወደ 838 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወርዶ በ2024 መልሶ 915 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሷል።

በኢትዮጵያ

ችርቻሮና ደረሰኝ

በኢትዮጵያ ከተሞች ነጋዴው በስፋት ኮምፒውተራዊ የሽያጭ መሣሪያ እንዲይዝ ያደረገው የባርኮድ ፍላጎት ሳይሆን የግብር ሕግ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን አስገዳጅ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 መሣሪያውን ወደ ሱቆች አስገባ። ብዙ ሱቆች ግን የዕቃውን ስምና ዋጋ በእጅ ማስገባት ቀጠሉ። ባርኮድ ማንበብ የተለመደው በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች፣ በመድኃኒት መደብሮችና በመጻሕፍት መደብሮች ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በእጅ የሚቆረጡ ደረሰኞች በኪውአር ኮድ እንዲረጋገጡ የማድረግ አሠራር መጥቷል።

ቡና፦ ስሙ የሚጠፋው ጆንያ

የባርኮድ ጥያቄ በኢትዮጵያ ከሁሉም በላይ ክብደት ያገኘው በቡና ንግድ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ከወጣ በኋላ በ2001 ዓ.ም. አብዛኛው የወጪ ንግድ ቡና በዚሁ ገበያ ማለፍ ጀመረ። አሠራሩ ለገበሬውና ለአቅራቢው ግልጽ ዋጋና ፈጣን ክፍያ አመጣ። በአንጻሩ ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌሎች ቡናዎች ጋር ስለሚቀላቀል፣ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚናገረው መረጃ ጠፋ። ልዩ ጣዕም ላለው ቡና የበለጠ የሚከፍሉ የውጭ ገዢዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ትልልቅ የቡና እርሻዎች በቀጥታ ለውጭ መሸጥ ስለተፈቀደላቸው የእነርሱ ቡና መነሻውን ይዞ ይሄድ ነበር።

መፍትሔ ለመፈለግ ምርት ገበያው በ2008 ዓ.ም. አካባቢ በጆንያ ላይ በሚታሰር የባርኮድ መለያ ቡናን እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ድረስ የሚከታተል ሥርዓት አስተዋወቀ። ቀጥሎም የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ለቀጥታ ንግድና ለቡና መነሻ ክትትል በሩን ይበልጥ ከፈተ። የሁለቱ ርምጃዎች ቅደም ተከተል አንድ ነገር ያስተምራል፦ ባርኮድ የግብይቱ ሕግ የሚያቀላቅለውን ምርት ለይቶ ማቆየት አይችልም። መጀመሪያ ጆንያው ራሱ ሳይቀላቀል መቆየት አለበት።

ጥያቄውን አስቸኳይ ያደረገው በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ነው። ደንቡ ቡናን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ሸቀጦች ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣታቸውን አስመጪው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ ይፈለጋል፤ ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያው መመዝገብ አለበት። የተፈጻሚነቱ ቀን መጀመሪያ ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 የነበረ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 ሆኗል። ከኢትዮጵያ ቡና እጅግ አብዛኛው የሚመረተው ከአንድ ሔክታር በታች ማሳ ባላቸው ገበሬዎች ነው። የብዙዎቹን ቀይ ቡና እሸት አንድ ሰብሳቢ በአንድ ቀን ሲገዛ ይቀላቀላል። ስለዚህ ዋናው ወጪ የባርኮድ አንባቢው ዋጋ ሳይሆን ማሳዎቹን እየዞሩ መመዝገቡና ከገዢ ወደ ገዢ ሲተላለፍ መዝገቡን ሳይቋረጥ መያዙ ነው። መዝገብ የሌለው ገበሬ ቡናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ወደዚያ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሊዘጋበት ይችላል።

ለቀማና ከለር ሶርተር

በኢትዮጵያ የማሽን ዕይታ በግልጽ ሥራ ላይ ውሎ የሚታየው ለውጭ ገበያ በሚዘጋጅ ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ላይ ነው። ነጋዴዎች «ከለር ሶርተር» የሚሉት ማሽን ፍሬውን ከላይ ካለ ቋት በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ አሰልፎ በቀጭን ጅረት ያወርዳል። ፍሬው ሲወድቅ ካሜራዎች ከፊትና ከኋላ ያዩታል። ጥቁር፣ የተነቀዘ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ሲያጋጥም፣ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ የሚከፈት የአየር ቧንቧ ያንኑ ፍሬ ተኩሶ ከጅረቱ ያወጣዋል። ጠጠርን ግን ማሽኑ የሚያወጣው በቀለም የሚለይ ከሆነ ብቻ ነው። ቀለሙ ከፍሬው ጋር የሚመሳሰል ጠጠር በክብደት የሚለይ ሌላ ማሽን ይፈልጋል።

ይህ ሥራ ከማሽኑ በፊት የሰው ዓይን ሥራ ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ነው። በአዲስ አበባ የቡና ማዘጋጃ መጋዘኖች በመደዳ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ክፍያቸው በቀን ወይም በለቀሙት መጠን ይታሰባል። ከለር ሶርተር ሲገባ የለቃሚ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ላኪው ደግሞ ብዙ ጭነት በአጭር ጊዜ ያደርሳል። በተግባር ብዙ ላኪዎች ሁለቱን ያጣምራሉ፦ ማሽኑ አብዛኛውን እንከን ያወጣል፣ የመጨረሻውን ማጣራት ሰው ይሠራል። ማሽኑ ምን ያህል ሰው ይተካል የሚለው የሚወሰነው በማሽኑ ዋጋ፣ በመብራት አስተማማኝነትና በቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው።

መድኃኒት

በመድኃኒት ዘርፍ የባርኮድ ዓላማ የሐሰት፣ የተሰረቀና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ታካሚ እጅ እንዳይገባ መከላከል ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጂ ኤስ 1 ደረጃ ላይ የተመሠረተ የመድኃኒት መከታተያ አሠራር ሲያዘጋጅ ቆይቷል። የመጀመሪያው የአፍሪካ የጂ ኤስ 1 የጤና ጉባኤም በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተካሂዷል። በአሠራሩ የመድኃኒቱ ካርቶን አራት መረጃዎችን የያዘ ዳታ ማትሪክስ ይኖረዋል፦ የምርቱ ዓለም አቀፍ ቁጥር፣ የምርት ቡድን ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ እና ለዚያ እሽግ ብቻ የተሰጠ ተከታታይ ቁጥር። ተከታታይ ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ በሁለት ከተሞች ከተነበበ አንዱ እሽግ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጠራል።

የመንግሥት ጤና ተቋማትን የሚያቀርበው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በአማራ ክልል ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ቅርንጫፎች አሉት። ኮዱ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከማዕከላዊ መጋዘን እስከ ወረዳ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ድረስ በየደረጃው ሲነበብ ነው። በመካከል አንድ ቦታ ንባቡ ከተቋረጠ ክትትሉ እዚያው ይቆማል።

ኢንዱስትሪ ፓርኮች

በሐዋሳ (2008 ዓ.ም.)፣ በኮምቦልቻ (2009 ዓ.ም.) እና በሌሎች ከተሞች የተከፈቱት ኢንዱስትሪ ፓርኮች የልብስ አምራቾችን ስበዋል። የውጭ ገዢዎች እያንዳንዱ ልብስና ካርቶን በራሳቸው ደንብ የታተመ ባርኮድ እንዲኖረው ስለሚጠይቁ፣ መለያ ማተሚያና አንባቢ የማሸጊያ ክፍሉ መደበኛ መሣሪያ ነው። ይህ ገበያ ከውጭ ንግዱ ጋር አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃልም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል ከወጣች በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች ፓርኮቹን ለቀው ወጥተዋል።

ክፍያና መታወቂያ

በኢትዮጵያ ኮድ ማንበብን የብዙ ሰው ልማድ ያደረገው ስማርት ስልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ያስጀመረው ቴሌብርና የባንኮች መተግበሪያዎች በኪውአር ኮድ መክፈልን አስለምደዋል። የዚህ አሠራር ጥቅም በወጪው ላይ ይታያል። ባለሱቁ የሚያስፈልገው አንድ የታተመ ወረቀት ብቻ ነው፤ አንባቢው መሣሪያ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም የኪውአር ኮድ አለው።

በደቡብ ጎንደር፦ እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ

የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ወረዳዎች በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ሲሆኑ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ድንች ያመርታሉ። ዋና የገበያ ከተሞቻቸው መካነ ኢየሱስ (እስቴ)፣ ነፋስ መውጫ (ላይ ጋይንት)፣ አርብ ገበያ (ታች ጋይንት) እና ወገዳ (ስማዳ) ናቸው። በእነዚህ ገበያዎች ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይታያል። ሳሙና፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ባትሪና መድኃኒት ከነባርኮዳቸው ይመጣሉ፤ የሚያነባቸው ግን ብዙ ጊዜ የለም። እህሉ፣ ድንቹና በጉ ደግሞ ያለ ምንም መለያ ይወጣሉ። የጥራት ማረጋገጫው የነጋዴው ዓይንና እጅ ነው፦ ከጆንያው ዘግኖ ያያል፣ ይነክሳል፣ ዋጋ ይጠራል።

ጤፍ የዚህን ችግር ሁለት ገጽታ ያሳያል። ዋጋው በቀለም ይለያያል፤ ነጩ ማኛ ከቀዩ ይወደዳል፣ የተቀላቀለው ሰርገኛ በመካከል ይቀመጣል። ስለዚህ በቀለም የሚለይ ማሽን ለጤፍ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ስንዴ ፍሬን ክብደት ለማግኘት ከመቶ በላይ የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬ በፍሬ ለይቶ በአየር ማውጣት ለቡናና ለስንዴ እንደሚሆነው ለጤፍ አይቀልም። ለጤፍ የሚቀርበው አማራጭ ናሙናን በካሜራ አንሥቶ የቅልቅሉን መጠን መገመት ነው። ይህ እህሉን ባያጣራውም በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን ክርክር ሊዳኝ ይችላል።

በዚያው ዞን ምዕራብ በኩል ያለው የፎገራ ሩዝ ለማሽን ዕይታ የተሻለ ዕድል አለው። የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ይገኛል፤ በከተማዋና በአካባቢዋም ብዙ የሩዝ መፈልፈያዎች አሉ። የአገር ውስጥ ሩዝ ከውጭ ከሚገባው ጋር ሲወዳደር የሚጎዳው በተሰበረ ፍሬ፣ በቀለም ቅልቅልና በባዕድ ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ በሌሎች አገሮች የሩዝ ፋብሪካዎች ከለር ሶርተርና ሌሎች ማበጠሪያ ማሽኖች የሚያስወግዷቸው ናቸው።

ምርምር

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም አዲስ አበባና ባሕር ዳር፣ በምስል ትንተና ላይ ብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አሏቸው። ቡናን በአካባቢው መለየት፣ የሰሊጥና የቦሎቄ ደረጃ መመደብ፣ የስንዴ ዋግና የቡና ቅጠል በሽታን ማወቅ የተለመዱ ርዕሶች ናቸው። ከጥናት ወደ ገበያ የሚያሻግረው እርከን ግን ጠባብ ነው። በቤተ ሙከራ ብርሃን የተነሣ ምስል ላይ የሠለጠነ ሶፍትዌር፣ በአቧራማ መጋዘን ውስጥ ያለው ውጤት ይቀንሳል። በተጨማሪም አንድ ዓመት የተሰበሰበ ናሙና በቀጣዩ ዓመት ምርት ላይ ላይሠራ ይችላል።

እንቅፋቶች

- የውጭ ምንዛሪ፦ መሣሪያዎቹና መለዋወጫቸው ከውጭ ይመጣሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ማሽን በብር እጥፍ ለመሆን ተቃረበ።
- መብራትና ኔትወርክ፦ ከለር ሶርተር የማይቆራረጥ መብራትና የታመቀ አየር ይፈልጋል። በእጅ የሚያዝ አንባቢ ያለ ኔትወርክ መረጃውን አስቀምጦ በኋላ መላክ ካልቻለ በገጠር አያገለግልም።
- የኅትመት ጥራት፦ በደበዘዘ ቀለም ወይም በተጨማደደ ማዳበሪያ ላይ የታተመ ኮድ ውድ አንባቢንም ያሸንፋል።
- ጥገና፦ ማሽኑን የሚያስተካክል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ በምርት ወቅት ከፍተኛ ኪሳራ ያስከትላል።
- የመረጃ ባለቤትነት፦ የማሳ መገኛና የገበሬ ስም በላኪዎች፣ በዩኒየኖችና በመንግሥት መዝገቦች ተበታትኖ ከተያዘ፣ ገበሬው ገዢ ሲቀይር እንደገና ከመጀመሪያው መመዝገብ ግድ ይሆንበታል።

የሚጠበቀው አቅጣጫ

በኢትዮጵያ ገበያው በሁለት መንገድ እንደሚሄድ ከእስካሁኑ አካሄድ መረዳት ይቻላል። በአንድ በኩል ላኪዎች፣ መድኃኒት አቅራቢዎችና የልብስ ፋብሪካዎች የውጭ ገዢና ተቆጣጣሪ የሚጠይቃቸውን ቋሚ መሣሪያ ይገዛሉ። በሌላ በኩል አነስተኛ ነጋዴዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ራሱን የቻለ ስካነር ሳይገዙ በስማርት ስልክ ካሜራ ይጠቀማሉ። ለእስቴና ለስማዳ ዓይነት ገበያዎች የሚቀርበው ሁለተኛው መንገድ ነው። አንድ ማኅበር በጆንያው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፎ የሰብሉን ዓይነት፣ የመከር ዓመቱን፣ ክብደቱንና የማኅበሩን ስም ቢያሰፍር፣ ወጪው የመለያው ወረቀትና የመዝጋቢው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ዋጋ የሚኖረው ግን ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለው ገዢ ኮዱን አንብቦ ለታወቀ ምርት የተሻለ ዋጋ ሲከፍል ነው። የዋጋ ልዩነት ከሌለ መለያው ከጆንያው ጋር ተቀዶ ይጣላል።